አጸደና ረጃጅሞቹ ቃላት

አጸደን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል ቢባል መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው የማታቱ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ፣ ሒሳብ ነው፤ ከኢስትሊ መሐል ከተማ፣ ከመሐል ከተማ ላቪንግተን፣ ከዚያ ደግሞ መልስ። ዝናብ ሲጥል ረዳቶቹ ዋጋውን ስለሚሰቅሉት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሰማዩን ታያለች። ይህ የታወቀ ወጪ ነው፤ የማይከፍለው የለም። ሁለተኛው ግን በዝምታ የሚከፈል ነው። ረዳቱ መልስ ሲያጎድልባት አንድ ዝምታ ትከፍላለች። ላቪንግተን በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣ በየቀኑ እያያት በየቀኑ እንደ አዲስ ወዴት ነሽ ሲላት፣ ጣቷን ወደ ግቢው ቀስራ ሌላ ዝምታ ትከፍላለች። ትልቁ ክፍያ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ፣ የልጇ የአቢግያ አስተማሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጋ ስታናግራት ነው። ይኼኛው በፈገግታና ራስ በመነቅነቅ ይታጀባል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት፣ አንድ ቀን እንዲህ ከፍላ ስትመለስ፣ የስምንት ዓመቷ አቢግያ ቀና ብላ አየቻት።

«ማሚ፣ ቲቸር ምን እንዳለችሽ ገብቶሻል?»

«ጎበዝ ልጅ ናት አለቻ።»

«ኖ! ኤቭሪ ዴይ መጨረሻ የምወሰደው እኔ ነኝ። ከኔክስት ተርም ጀምሮ ማንም አብሮኝ አይቆይም ነው ያለችው። አንቺ ደግሞ ታንክዩ አልሻት!»

አጸደ የልጅቷን ቦርሳ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አደረገችና መንገዱን ተሻገሩ።

ደሴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምራለች። ናይሮቢ ከገባች አምስት ዓመት ሆኗታል። ባሏ ተክሉ ከሞምባሳ ካምፓላ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በወር ሁለቴ ቤቱ ያድራል። እሷ ደግሞ ላቪንግተን፣ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ለምትሠራ ሠርክ ለምትባል ኢትዮጵያዊት ቤት ታጸዳለች፣ ምግብ ትሠራለች። እዚያ የሚነገረው አማርኛ ነው። ኢስትሊም ስትመለስ ጤፉም፣ በርበሬውም፣ ሐሜቱም በአማርኛ ይገኛል። ለቀረው ስዋሂሊ ቁንጽል ቁንጽል አድርጋ ትጠቀማለች። ስለዚህ ናይሮቢ አምስት ዓመት ኖረች ከማለት፣ ናይሮቢ አጠገቧ አምስት ዓመት ኖረች ማለት ይቀላል።

ወሬውን ያመጣችላት ሶማሌዋ ባለሱቅ ዛራ ናት። ሱቋ አጸደ ከምትኖርበት ሕንጻ ሥር ነው። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው የበጎ አድራጎት ክሊኒክ የአማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ወረቀት አይጠይቁም፤ ከአራት ወር በኋላ ለሦስት ሳምንት ሞክረው ያያሉ። ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ የአቢግያን ትምህርት ቤት ጣሪያ ማየት ይቻላል። ለአጸደ ከዚህ በላይ ምክንያት አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ሽንኩርት እየከተፈች አሠሪዋን ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ እንግሊዝኛዬን እንዴት ላሻሽል?»

ሠርክ ሳቀች፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። «ከቴሌቪዥን የሚገኘው የመንገድ እንግሊዝኛ ነው። ቁም ነገር ያለው ቋንቋ ከፈለግሽ ክላሲክ አንብቢ። እኛን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃን እሱ ነው። ቆይ...» ብላ ከመደርደሪያ ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጎትታ አመጣች። ሽፋን የለውም። መጀመሪያው ላይ ያሉት ቅጠሎች ወድቀው፣ ታሪኩ ከዓረፍተ ነገር መሐል ይጀምራል። «ይኼን የጨረሰ ሰው የትም አያፍርም» አለቻት።

አጸደ ማታቱ ውስጥ ገለጠችው። አንድ ገጽ ለማንበብ ከላቪንግተን ኢስትሊ አልበቃትም።

እዚህ ላይ ጋሼ ሃብተ ይገባሉ። እሳቸው ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው። በልጅነታቸው አስመራ እንግሊዞች ባሉበት ዘመን ተምረው፣ ከዚያ ምጽዋና አሰብ ወደብ ላይ ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ አማርኛውን ያደላደሉ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረጃው ሥር ወንበር አውጥተው ይቀመጡና የሚወጣ የሚገባውን በእግር ኮቴ ይለያሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬ እግርሽ ከብዷል። ምን ተሸክመሻል?»

«መጽሐፍ ነው ጋሼ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበበች። ሦስተኛው መስመር ላይ እጃቸውን አነሡ። «ቀስ! ይህ እኮ የድሮ እንግሊዝኛ ነው! እንዲህ የሚናገር ሰው ከሰማሁ ሃምሳ ዓመቴ!» አሉና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉላት።

ውሉ በዚያው ተቋጠረ። እሷ ዓይን ትሆናለች፣ እሳቸው ፍቺ። ታሪኩ ባሏ ሞቶባት ወፍጮ ቤት ስለቀረላት አንዲት እንግሊዛዊት ነው። የባሏ ወንድም ወፍጮውን ሊነጥቃት ጠበቃ እያመላለሰ ያስጨንቃታል። ነገሩ ደሴም የሚያጋጥም ስለሆነ አጸደ ታሪኩን ለመረዳት አልተቸገረችም። ያስቸገሯት ቃላቱ ናቸው። መበለቲቱ አንድ ጊዜ እንኳ በአጭሩ አትታመምም። ኢንዲስፖዝድ ትሆናለች፤ ያውም ኤክሲዲንግሊ፣ እጅግ በጣም፣ ኢንዲስፖዝድ።

«ሲክ የሚባል ቃል የላቸውም እንዴ?» አለች አጸደ አንድ ቀን ተማርራ።

«አላቸው። እሱ ለከብት ነው» አሉ ጋሼ ሃብተ። «አንቺ እንግሊዝ አንቱ የለውም ብለሽ ታስቢያለሽ፤ ሁሉም ዩ ነው ብለሽ። እንግሊዝ አንቱ የሚለው በረጅም ቃል ነው። እኛ ወደብ ላይ ለካፒቴኑ ስንጽፍ ባጭር ቃል አንጽፍም። ባጭር ቃል የሚታዘዝ ኩሊ ነው። ለታላቅ ሰው ቃሉን ማስረዘም ነው።»

ይህ ንግግር አጸደ ልብ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ገባ። አምስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እኩል ዩ ማለት ሲከነክናት ኖሯል። እንግሊዝኛም እንደ ሰው ቋንቋ ጎንበስ ማለት የሚችል መሆኑን በማወቋ ደስ አላት።

ቃላቱን የምትይዝበት ዘዴም አበጀች። እያንዳንዱን ቃል ለምታውቀው ሰው እንደ ቅጽል ስም ትሰጠዋለች። የላቪንግተኑ ዘበኛ፣ ዓይኑ ስለማያንቀላፋ፣ ቪጂላንት ሆነ። ሠርክ፣ ሽፋን የሌለውም ቢሆን መጽሐፍ ስለሰጠች፣ ቤኔቮለንት፣ ቸር፣ ተባለች። ጋሼ ሃብተ ቬነረብል፣ የተከበሩ አዛውንት፣ ሆኑ፤ ሲነገራቸውም አልተቃወሙም። አቢግያ ኢምፐርቲነንት ተባለች፤ ቃሉን ይዛ ሄዳ አስተማሪዋን ብትጠይቅ አስተማሪዋ በጣም ሳቀች።

«ማሚ፣ ባለጌ ማለት ነው አለችኝ!»

«ሙሉ በሙሉ አይደለም። አፏ የማይገታ ማለት ነው።»

«ዳዲስ? ዳዲ ማነው?»

ለተክሉ ቃል እስክታገኝ ቆየች። ያገኘችው ጠበቃው ለመበለቲቱ ብዕር ሰጥቷት ፈርሚ የሚልበት ገጽ ላይ ነው። መበለቲቱ እምቢም አትልም፣ አትፈርምም፤ ብዕሩን ይዛ ትቆያለች። ደራሲው ሪላክታንት ይላታል። ጋሼ ሃብተ ይህን ቃል ለማስረዳት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀባቸው። እምቢ አይደለም፣ እሺም አይደለም፤ ልብ ወደ ኋላ እግር ወደ ፊት ሲል ነው አሉ። አጸደም ወዲያው ተክሉን አየችው፤ ወደ ሞምባሳ ሊነሣ ቦርሳውን አንግቦ በሩ ላይ ቆሞ፣ አስሮ የጨረሰውን የጫማ ክር ጎንበስ ብሎ እንደገና ሲፈታ። ቃሉ የእሱ ሆነ።

የሙከራው ቀን ሲደርስ መጽሐፉ ገና ሩቡ ይቀረው ነበር። አጸደ ከሠርክ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ክሊኒኩ ገባች። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ናሊያካ የምትባል፣ ከምዕራብ ኬንያ የመጣች ወፍራም ሴት ናት። ቁጡ ናት ይሏታል፤ የምትቆጣው ግን ለሁሉም እኩል ነው። ሥራውን በሁለት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አስረዳቻት። በሽተኛው የሚለውን ትነግሪኛለሽ። ቀይ ካርድ የሰጠሁት አሁኑኑ ይገባል፣ አረንጓዴ የሰጠሁት ወረፋ ይጠብቃል።

የመጀመሪያዋ በሽተኛ ከከሚሴ የመጡ እማማ ኩለሱም ነበሩ። ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት? ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ትንሽ ሆዴን ነው።» ከዚያ ወደ አጸደ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ከሰኞ ወዲህ ውጭ መመላለስ ነው ሥራዬ። ደምም አየሁ። አደራ፣ ለዚች ለማላውቃት ሴትዮ እንዲህ ብለሽ እንዳታዋርጂኝ። እንደ እናትሽ ነኝ።»

አጸደ ተጨነቀች። ነገሩን መንገር አለባት፤ እኒህን ሴትዮ ደግሞ ማዋረድ የለባትም። ለዚህ ለዚህማ አራት ወር ሙሉ ተዘጋጅታለች። ጎንበስ ብላ፣ እጇን አጣምራ፣

«ሲስተር፣ ዘ ቬነረብል ሌዲ ኢዝ ኤክሲዲንግሊ ኢንዲስፖዝድ» አለች።

ሲስተር ናሊያካ ብዕሯን አስቀመጠች። «ምን?»

«ሺ ሃዝ... ኤ ሜላንኮሊ ኦፍ ዘ ስቶማክ።»

«ሜላንኮሊ» አለች ሲስተሯ ቀስ ብላ። እማማ ኩለሱምን አየቻቸው። እሳቸውም፣ ከታላላቅ ሰው ጋር ሲተያዩ እንደሚደረገው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ፈገግ አሉላት። «ሆዳቸው አዝኗል ማለት ነው? ሁላችንም አዝነናል። የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ ነሽ እንዴ አንቺ?» አለችና አረንጓዴውን ካርድ ሰጠች።

አጸደ ክብሩን ጠብቃ ስላሳለፈችው ደስ ብሏት እማማን አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሌሎች በሽተኞች መጡ። በመጣች በሄደች ቁጥር ጎንበስ እያለች፣ «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ትላለች፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እንደገና ስታልፍ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። ቀትር ሲቃረብ ጠየቀቻቸው፤ ዓይናቸው ተከፍቶ እያያት ምንም አላሉም። ከንፈራቸው እንደ ቆዳ ደርቋል።

አጸደ ሰው ታሞ አይታ ታውቃለች። እንዲህ ያለች ሴት ግን ምስጋናዋን ስትተው አይታ አታውቅም። በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ሲስተር፣ ካም! ቶይሌት፣ ቶይሌት፣ ኦል ዴይ፣ ኦል ናይት። ብለድ። ፍሮም መንዴይ። ሺ ኢዝ ኧሼምድ። ካም!»

ሲስተር ናሊያካ ወንበሩን ገፍታ ሮጠች። እንደዚያ ያለ ሰውነት እንዲያ ይሮጣል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። እማማ ኩለሱም አልጋ ላይ ተጋደሙ፣ ግሉኮስ ተሰካላቸው። መርፌውን እንደያዘች ሲስተሯ ሳትዞር ተናገረች።

«ከጠዋት ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«የስ።»

«እንደዚህ መናገር ትችይ ነበር?»

«የስ።»

ከዚያ በላይ አልተባለም። አጸደ ሥራው ከእጇ እንደወጣ ተረዳች። ነጠላዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ሂጂ እስኪሏት።

ሐኪሙ መጥቶ አይቷቸው፣ እማማ ዛሬውኑ ትልቁ ሆስፒታል መግባት አለባቸው አለ። አምቡላንስ ተጠራ። ሲስተር ናሊያካ የስምምነት ወረቀቱን አምጥታ አጸደን በጣቷ ጠራቻት። አጸደም ነገረቻቸው።

ግሉኮሱ ትንሽ ነፍስ ዘርቶባቸው ስለነበር እማማ ኩለሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግድ የለም ልጄ፣ ይቅርብኝ። ሰው አላስቸግር። ቤቴ እገባለሁ።»

«ምን አሉ?» አለች ሲስተሯ። «እምቢ ካሉ ማስገደድ አልችልም። ኖ ካሉ እዚህ ጋ ይፈርሙና ይሂዱ። የስ ነው ኖ?»

አጸደ ዝም አለች። ይኼ ግን የምትከፍለው ዝምታ አልነበረም፤ ቃል እየፈለገች ነበር። ኖ ብትል ቃል በቃል ትክክል ናት። ግን ደሴም ሆነ ከሚሴ፣ መጀመሪያ ይቅርብኝ የማይል ማነው? እንግዳ ብላ ሲባል በቃኝ ይላል፤ የመጀመሪያውን በቃኝ ሰምቶ ማዕዱን የሚያነሣ ባለቤት ስሙ ሰባት ቤት ይዞራል። እማማ ኩለሱም እምቢ አላሉም። እስኪለመኑ እየጠበቁ ነው። የስ ብትልም ውሸት ነው፤ ፈርተዋል። ከየስና ከኖ መካከል ምን አለ? በሩ ላይ ቦርሳውን አንግቦ፣ የጫማ ክሩን እንደገና የሚፈታ ሰው አለ።

«ሺ ኢዝ ሪላክታንት» አለች።

ሲስተር ናሊያካ ቀና አለች።

«ኖት ኖ፣ ሲስተር። ሪላክታንት። ፕሊዝ፣ አስክ አጌን። አስክ ስሪ ታይምስ።»

ሲስተሯ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ አልጋው ጮኸ። የእማማን እጅ ያዘች። ሁለተኛ ጠየቀቻቸው፤ «ኧረ ግድ የለም» አሉ፣ ግን እጃቸውን አላነሡም። ሦስተኛ ስትጠይቃቸው ዕንባቸው መጣ።

«እዚያ ማን ያውቀኛል? ያን የመሰለ ነገሬን ማን ወንድ ያየዋል? ማንስ ይናገርልኛል?»

አጸደ ይህን አላስረዘመችውም። እንዳለ፣ ቃል በቃል ነገረቻት። ሲስተር ናሊያካም ሴት ነርስ እንድትቀበላቸው ደውላ እንደምታዝ ተናገረች፤ አጸደን በአገጯ አመልክታ፣ «እሷም አብራዎት ትሄዳለች» አለች። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች፤ እማማም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ።

አምቡላንሱ ሲነሣ ነው አጸደ ሰዓቱን ያየችው። ወዲያው ለዛራ ሱቅ ደወለች። አቢግያን ማን እንዳመጣት ያወቀችው ግን ማታ ነው። ዛራ ሱቋን ጥላ መሄድ ስላልቻለች፣ ጋሼ ሃብተ ከረባታቸውን አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው መንገዱን ተሻግረው ነበር።

«ማሚ፣ ጋሼ ለቲቸር ምን እንዳላት ብትሰሚ!» አለች አቢግያ። «ሎንግ ሎንግ ነገር ተናገረ። ቲቸር ኮፍያ ቢኖራት ታወልቅ ነበር። አያትሽ ጀንትልማን ነው አለችኝ።»

አጸደ ወርዳ ደረጃው ሥር ተቀመጠች። ቀኑን ሁሉ ነገረቻቸው፤ አረንጓዴዋን ካርድም ሳትደብቅ። ጋሼ ሃብተ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ሰሙ።

«እንግዲህ ያስተማርኩሽ አንቱ ሴትዮዋን ሊገድል ነበር በይኛ።»

«አይ ጋሼ፣ እንዲያ አይበሉ። አንዱ ቃል ደግሞ አድኗቸዋል።»

ሳቁ። «ምጽዋ ላይ አንዴ ጀልባ ውኃ ሲገባው የጮኸው ኩሊው ነው። በሁለት ቃል። እኔ ጸሐፊው ክቡር ካፒቴን ሆይ ብዬ ሳልጨርስ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ነበር» አሉ። «ይኼን ነገር ለምን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? በይ መጽሐፉን አምጪ። መበለቲቱን ብዕሩን እንደያዘች ነው የተውናት።»

አጸደ ሙከራውን ጨረሰች። ሲስተር ናሊያካ ቀጠረቻት፤ በሳምንት አራት ቀን፣ ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ የሚያልቅ ሥራ። ሲቀጥሯት የተነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስሽን ቤት ተዪው፣ ያቺን አንዷን ቃል ግን ይዘሻት ነይ። እማማ ኩለሱም ከዘጠኝ ቀን በኋላ በእግራቸው መጥተው ለሲስተሯ የተጠቀለለ ቆሎ ሰጧት። እሷም መጀመሪያ አይሆንም አለች፤ እስክትለመን። ማን እንዳስተማራት አልታወቀም።

ይህ ታሪክ ሊጻፍ መሆኑን ሲነግሯት አጸደ ብዙም አልተደነቀችም። ስለ መጽሐፉ ብዙ እንዳይባል ፈለገች፤ ገና አላለቀማ። አንድ ነገር ግን ለሚያነብ ሁሉ ይድረስልኝ አለች፤ እንዳለችው እነሆ።

«ክሊኒክ ስትመጡ፣ አግዳሚው ላይ አብሬያችሁ ስቀመጥ፣ በእግዜር፣ ደህና ነኝ አትበሉኝ። ምስጋናውን አመስግኑ፣ ከዚያ ግን የሚያሳፍረውን ነገር በጆሮዬ ሳይሆን በግልጽ፣ በአጭሩ ንገሩኝ። እኔም ሳላስውብ ላድርሰው። ይቅርብኝ ስትሉ ደግሞ አትፍሩ፤ ሦስቴ አስጠይቅላችኋለሁ።»